ከችግኝ ጣቢያ የገዛሁትን ወይራ ቦንሳይ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ከምኑ ልጀምር?

በረንዳዬ
መጋቢት 9 ቀን 2016

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ከንጋት እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ ፀሐይ ያገኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ወይራ ገዛሁ። ሰዉ ቀጥ ብሎ ያደገውን እየመረጠ ሲወስድ ይሄኛው አጥር ሥር ተረስቶ ዓመታት ቆይቷል። ሥሩ ጥቁሩን ፕላስቲክ በስቶ መሬት ገብቶ ነበር፤ ሠራተኛው ሊያነሣው ቢታገል እምቢ ስላለው ከሥር በገጀራ ቆርጦ ሰጠኝ። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ግንዱ ከታች ሁለት ጣት ተኩል ይወፍራል፤ ከአፈሩ እንደወጣ ወደ ግራ ይጎብጥና መልሶ ይቃናል። የገዛሁት ያንን ጉብጠት አይቼ ነው።

የቦንሳይ፣ ማለትም በዝርግ ዕቃ ውስጥ አሳጥረው የሚያሳድጉት ዛፍ፣ ፎቶዎች ለዓመታት ሳይ ኖሬያለሁ፤ በእጄ ሞክሬ ግን አላውቅም። ዝርግ የሆነ የሚያብረቀርቅ የሴራሚክ ዕቃ ገዝቻለሁ፤ ከታች ቀዳዳ የለውም። ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆንኩ ቆርጬ፣ ሽቦ አስሬ፣ ልተክለው አስቤ ነበር። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ከመነካካቴ በፊት ምከሩኝ።


የባቦጋያው
መጋቢት 9 ቀን 2016

ልጄ፣ ከመነካካትሽ በፊት መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፤ ወይራ፣ አጋምና ጥድ በዝርግ ዕቃ ማሳደግ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል።

ቅዳሜ ምንም አታድርጊ። ያ ዛፍ ዋናውን ሥሩን በገጀራ ተቆርጦ መጥቷል፤ ከባድ ቁስል ነው። ቅጠሉ ጠንካራና ቆዳማ ስለሆነ ወይራ ሕመሙን ቶሎ አያሳይም፤ ተጠምቶም አረንጓዴ መስሎ ሳምንታት ይቆያል። ከነፕላስቲኩ በረንዳው ላይ ንፋስ በማይመታው ጥግ አስቀምጪው፣ አፈሩ ላዩ ሲደርቅ አጠጪው፣ ፍግም ማዳበሪያም አትስጪው። ቅጠሉን አትቀንሺ፤ አዲስ ሥር የሚያበቅለው ቅጠሉ በሚሠራው ምግብ ነው። ከየቅጠሉ ብብት አዳዲስ ለጋ ቡቃያ ሲወጣ ሥሩ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ ተመለሺ።

እስከዚያ አንድ የምትሠሪው ነገር አለ። በጣትሽ ከግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር ቀስ እያልሽ ጫሪ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ችግኞች ሲዛወሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ጠልቀው ይተከላሉ። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ታች ተቀብሮ ይሆናል። ቦንሳይ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ቅጠልና ቅርንጫፍ በሁለትና በሦስት ዓመት ይተካል፣ የግንድ እግር ግን አሥር ዓመት ይፈጃል።

የሴራሚኩን ዕቃ ፍራፍሬ አቅርቢበት። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ሥር ያበሰብሳል።


ናቲ_21
መጋቢት 10 ቀን 2016

እኔ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ። ፋይከስ ገዝቼ በአንድ ቀን ሥሩን ቆርጬ፣ ቅርንጫፉን አስተካክዬ፣ ሽቦ አስሬ ተከልኩት። ምንም አልሆነም፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ። እህቴ፣ ብዙ ከፈራሽ አትጀምሪም።

ግን እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ዛፌ የአበሻ ጥድ ነበር። እሱንም እንደዚያው አደረግኩት። አንድ ወር ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ቆየና በአምስተኛው ሳምንት በሙሉ ቡናማ ሆነ። ውኃም ፀሐይም አላጓደልኩበትም። እስከ ዛሬ ምክንያቱ አልገባኝም።


የባቦጋያው
መጋቢት 10 ቀን 2016

ናቲ ወንድሜ፣ ጥድህ የሞተው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጥድ ሞቶም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ አንተ ቡናማ ሲሆን አየኸው እንጂ ነገሩ ቀደም ብሎ አልቆ ነበር። ፋይከስ ወተታም ነው፤ ጉልበተኛ ስለሆነ ከባዶ እንጨት እንኳን ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን አረንጓዴ ያልቀረበት ቅርንጫፍ ዳግመኛ አይለመልምም። በዚያ ላይ ሥሩን በዚያው ቀን ስትቆርጠው ያችኑ የቀረችውን አረንጓዴ የሚያጠጣላት አጣች።

ወይራ በሁለቱ መካከል ነው። ከአሮጌ እንጨት ላይ በደንብ ያቆጠቁጣል፤ ለዚህ ነው በጣም የምወደው። ግን ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አራት ዛፍ ገድያለሁ፤ አራቱንም ሥርና ቅርንጫፍ በአንድ ቀን በመቁረጥ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሕግ፦ በአንድ ወቅት አንድ ከባድ ሥራ ብቻ።


እትዬ_ጓሮ
መጋቢት 12 ቀን 2016

ሰላም ልጆቼ። ቅር አይበላችሁና እኔን ይሄ ነገር ልቤ አይቀበለውም። ወይራ እኮ ትልቅ ዛፍ ነው። እኛ ስናውቀው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከጥዱ ጋር ቆሞ፣ ለስንት ትውልድ ጥላ ሆኖ ነው። አባቴ ከቤታችን ደጅ የተከለው ወይራ አሁን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ይህን የመሰለ ፍጥረት በሳህን ላይ አስሮ ማቀጨጭ ምን ይባላል? ልጅ ተርቦ እንዳያድግ ማድረግ መስሎ ይታየኛል። በሰላም ነው የምጠይቀው፤ ያላወቅሁት ነገር ካለ አስረዱኝ።


የላስታ_ልጅ
መጋቢት 12 ቀን 2016

እትዬ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ያደግሁት ላስታ ነው፤ ያየሁትን ልንገርዎ።

ከሰፈራችን በላይ ባለው ተረተር ላይ ፍየል የምናግድበት ቦታ ነበር። እዚያ የበቀለ ወይራ ሁሉ ጉልበት አይደርስም። ከላይ ሲያዩት የተደፋ የሙሽራ መሶብ ይመስላል፤ ክብና ድፍን ሆኖ እጅ አያስገባም። ልጅ ሆነን ቁጥቋጦ ነበር የሚመስለን። አንድ ጊዜ ግልገል ገብቶበት ልናወጣ ቅጠሉን ስንገልጠው ግንዱን አየሁት፤ የአባቴን ክንድ ያክላል፣ ተጠማዞ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ያረጀ። ቅጠሉ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር ታክል ነበር። ፍየል በየቀኑ ጫፍ ጫፉን ስትቀነጥበው እሱም ከታች ደግሞ ደጋግሞ ሲያቆጠቁጥ ያ ሁሉ ዘመን አልፏል።

ያ ዛፍ አልታመመም ነበር፤ ዘሩን ያፈራል፣ ድርቅም ሲመጣ አይሞትም። እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ መሐሉ ከፍየል አፍ ሲርቅ ደግሞ ከመካከሉ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይመዘዝና ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቦንሳይ የሚሠራ ሰው በመቀስ የሚሠራው የፍየሏን ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ያጠጣዋል፣ አፈሩን ይቀይርለታል።


የባቦጋያው
መጋቢት 13 ቀን 2016

የላስታ ልጅ፣ 14 ዓመት ለሰው ለማስረዳት ስሞክር የኖርኩትን ነው የተናገርክልኝ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ «ቦን» ዝርግ ዕቃ፣ «ሳይ» ደግሞ መትከል ማለት ነው። ማቀጨጭ የሚል ነገር የለበትም። የተራበ ዛፍ ቦንሳይ አይሆንም፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል። የሚያሳጥረው ጫፉን መቁረጥ ነው እንጂ ረሃብ አይደለም። የእኔ ዛፎች በበጋ በየቀኑ ይጠጣሉ፤ በየሦስት ዓመቱ ሥራቸው ተከርክሞ አዲስ አፈር ያገኛሉ። ለጉብኝት እንኳን ከቤት ስወጣ የማስበው እነሱን ነው።


ሲልቨር_ስፕሪንግ
መጋቢት 13 ቀን 2016

ከአሜሪካ ሰላም ብያለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ብሔራዊው የዕፅዋት ሥፍራ፣ ናሽናል አርቦሬተም የሚባለው ውስጥ ያለውን የቦንሳይና የፐንጂንግ ሙዚየም ሂዱና እዩ፤ መግቢያው በነፃ ነው። ፐንጂንግ የቻይናው ነው፤ ጃፓኖቹም ጥበቡን መጀመሪያ ያገኙት ከቻይና ነው። ሙዚየሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት በዓል በሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች ነው።

ከነሱ መካከል አንድ ነጭ ፓይን አለ። ከ1625 ጀምሮ በዕቃ ውስጥ የኖረ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ባለቤቶቹ ከፍንዳታው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይኖሩ ነበር፤ ዛፉ ከግቢያቸው ግንብ ጀርባ ስለነበር ተረፈ። ዛፉን ለአሜሪካ ሲሰጡ ይህን ታሪኩን አልተናገሩም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የባለቤቶቹ የልጅ ልጆች ሊጎበኙ መጥተው ነው ሰው ሁሉ ያወቀው። እናቴ ከኢትዮጵያ ስትመጣ ወስጃት ነበር። ከፊቱ ብዙ ቆመችና «ይኼን ያህል ዘመን ማን ነው ያጠጣው?» አለችኝ። እትዬ ጓሮን ሳነብ እሷ ትዝ አለችኝ። አንድ ሰው ለአንድ ሳምንት ቢዘነጋው ኖሮ ዛሬ አይኖርም ነበር። ያንን እንጂ መቀጨጭን አላየሁበትም።


እትዬ_ጓሮ
መጋቢት 14 ቀን 2016

ፍየል የበላችውንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ አስቤው ስለማላውቅ ነው። እሺ ልጆቼ፣ ተረድቻለሁ። ሁለት ነገር ግን ልለምንሽ በረንዳዬ። ቆርጠሽ የምታነሺውን ቅርንጫፍ አትጣዪው፤ በጥላ አድርቂው። የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፤ ለጠላ ጋንም ቢሆን ከወይራ የሚበልጥ ጢስ የለም። ሁለተኛ፣ ክረምት ሲገባ ሌላ አንድ የወይራ ችግኝ ገዝተሽ ግቢያችሁ ውስጥ መሬት ላይ ትከይ። እሱ እንደ ልቡ ይደግ።


በረንዳዬ
መጋቢት 14 ቀን 2016

እትዬ፣ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ ቃሌ ነው። ጋሼ፣ በጣቴ ስጭር ከአራት ሳንቲ ሜትር በታች ግንዱ ሰፍቶ ሥሮቹ ወደ ሦስት አቅጣጫ ሲዘረጉ አገኘሁ! አሁን ከሥሩ ሦስት ጣት ሙሉ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አፈርን በተመለከተስ? ከሰፈር ጥቁር አፈርና የከብት ፍግ ማግኘት እችላለሁ።


አፈርና_ውኃ
መጋቢት 15 ቀን 2016

እዚህ ላይ ልግባ፤ ሥራዬም ስለሆነ። ጥቁር መረሬ አፈር ለዚህ አይሆንም። እርጥብ ሲሆን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝርግ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አየር የሚባል ነገር አያሳልፍም።

ለምን እንደሆነ በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ አጥግባችሁ አግድም አስቀምጡት። መንጠባጠቡን ሲያቆም ሳትጨምቁ በቁሙ አቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። ስፖንጁ ያው ነው፣ ቁመቱ ብቻ ነው የተለየው። ዝርግ ዕቃ ያ አግድም የተቀመጠው ስፖንጅ ነው። ደቃቅ አፈር ከታችኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ አይለቅም፤ የቦንሳይ ዕቃ ጥልቀቱ በሙሉ ያችው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስለሆነች ሥሩ ሁሌ ውኃ ውስጥ ነው። ከታች ጠጠር መደርደርም አይፈታውም፤ ውኃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይቆምና እርጥበቱ ጭራሽ ወደ ሥሩ ይጠጋል። መፍትሔው ከላይ እስከ ታች ድረስ ፍርፍር የሆነ ነገር መጠቀም ነው።

ጃፓኖች ለዚህ የሚጠቀሙበትን አፈር ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም። ስምጥ ሸለቆ የሚያህል የእሳተ ገሞራ አገር አለን። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ጋ ሂጂና ፑሚስ ጠይቂ፤ ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ያልነካውን ስጡኝ በያቸው፤ ሲሚንቶ የነካው አፈሩን እንደ ኖራ ያደርገዋል። ሌላው ለመንገድ ሥራ የሚደለደለው ቀይ አሽ ነው። ሁለቱንም በወንፊት ንፊ፤ ደቃቁ ይውደቅ፣ ከስምንት ሚሊ ሜትር የሚበልጠውም ይቅር። ከዚያ አቧራው እስኪለቅ እጠቢ። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ጥሬ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ አታስገቢ።


የባቦጋያው
መጋቢት 15 ቀን 2016

ስፖንጁን ሞከርኩት፤ እውነት ነው። እኔም የምጠቀመው ይህንኑ ነው። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ ጀሞ ውኃ በፈረቃ ከሆነ ኮምፖስቱን ትንሽ ጨምሪ፣ ሁልጊዜም ለዛፉ ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን ይኑርሽ። ፑሚስ በበጋ ፀሐይ ፈጥኖ ይደርቃል።


በረንዳዬ
ግንቦት 18 ቀን 2016

ተመልሻለሁ! ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ቡቃያ በቡቃያ ሆኗል፤ ከግንዱ እንኳን ሁለት ቦታ አቆጥቁጧል።

አሁን የማየውን ልግለጽ። ግንዱ ወደ ግራ ከጎበጠበት ውጫዊ ጎን ላይ፣ ከአፈሩ 11 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ አለ። ከጉብጠቱ ውስጠኛ ጎን ሌላ አለ። 17 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት ቅርንጫፎች ፊት ለፊት ተያይተው እንደ ክንድ ተዘርግተዋል። 27 ላይ አንድ ቀጭን ወደ ኋላ የሄደ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። የትኛውን ልቁረጥ?


የባቦጋያው
ግንቦት 19 ቀን 2016

በደንብ አይተሻል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ከመግለጹ በፊት መቀስ ያነሣል።

የውጨኛው ይኑር፤ የመጀመሪያ ቅርንጫፍሽ እሱ ነው። ቁመቱም ተስማምቶታል፤ ከጠቅላላው ቁመት ሲሶ ገደማ ላይ የተነሣ ቅርንጫፍ ለዓይን ያርፋል። የውስጠኛው ይነሣ፤ ከጉብጠት ውስጥ የሚወጣ ቅርንጫፍ ጉብጠቱን ይሸፍነዋል፣ አንቺ ደግሞ ዛፉን የገዛሽው ለሱ ነው። ፊት ለፊት የተያዩት ሁለቱ አብረው አይኖሩም፤ እዚያ ቦታ ግንዱ ያብጥና ከታች ይልቅ መሐሉ ይወፍራል። የቀኙ ይኑር፣ የግራው ይነሣ። የወይራ ቅጠል ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚወጣ ይህን ምርጫ ዕድሜሽን ሙሉ ትመርጫለሽ።

ግንዱ አምስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ የዛፉ ቁመት ስድስት እጥፉ፣ 33 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ያረጀ ዛፍ ይመስላል። ስለዚህ ዘንጉን ከ27ቱ ቅርንጫፍ በላይ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ጉቶ አስቀርተሽ በመጋዝ ቁረጪው። ያ ቀጭኑ አዲሱ አናት ይሆናል። ጉቶውን ሲደርቅ በሌላ ዓመት ታስተካክዪዋለሽ።

ዛሬ ዘንጉንና የውስጠኛውን ብቻ። ከጥንዶቹ አንዱን ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሥሩን በዚህ ወቅት አትንኪ።


ኤሌክትሪሺያኑ
ግንቦት 19 ቀን 2016

ሽቦን በተመለከተ ልርዳ። የቦንሳይ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠውን መፈለግ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ የሚዘረጋው ነጠላ የመዳብ ሽቦ ይሆናል። ምናለሽ ተራ አሮጌው በኪሎ አለ። ባለ 2.5 የሚባለው ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 4 ደግሞ 2.3 ገደማ ነው። የሽቦው ውፍረት ከቅርንጫፉ ሲሶ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ እርሳስ ለምታክል ቅርንጫፍ ባለ 4 ነው።

ፕላስቲኩን በቢላ ግፈፉት እንጂ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። የተራቆተውን መዳብ ግን ከሰል ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉትና ይብረድ። ያን ጊዜ እንደ ክር ይለሰልሳል። ቅርንጫፉ ላይ ጠምዝዛችሁ ስታጎብጡት ደግሞ መልሶ ይጠነክራል፤ የመዳብ ጠባዩ ነው። ጥምዝዙ በግማሽ ማዕዘን፣ 45 ዲግሪ ይሁን፤ በጣም ከተጠጋጋም ከተራራቀም አይዝም። ሲፈታ በፒንሳ ቁርጥ ቁርጥ አድርጉት፤ መልሶ ለማዳን ብላችሁ ስትፈቱት ቅርንጫፍ ትሰብራላችሁ።


ናቲ_21
ግንቦት 20 ቀን 2016

በክረምት ደግሞ በየሳምንቱ እዪው። ፋይከሴ ላይ አራት ወር ረስቼው ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገብቶ ጠባሳው እንደ ብሎን ጥርስ ሆኖ ቀርቷል። በፎቶ እንዳይታይ እያዞርኩ ነበር የማነሣው።


በረንዳዬ
ነሐሴ 30 ቀን 2016

ዘንጉን ግንቦት 20 ቆረጥኩ፣ ከጥንዶቹ አንዱን በሰኔ። ቅርንጫፎቹ ደርቀው ለእናቴ የእርጎ ቅል ማጠኛ ሆነዋል፤ እትዬ፣ አመስግናዎታለች። ሌላው ወይራም ሐምሌ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ግቢው ጥግ ተተክሏል፤ ልጆቹ አጥር ሠርተውለታል።

አሁን ጥያቄዬ ስለ መትከሉ ነው። መስከረም ላይ ልትከለው ወይስ እስከ መጋቢት ልጠብቅ?


የባቦጋያው
ነሐሴ 30 ቀን 2016

እኔ መጋቢት እላለሁ። ሥር ተቆርጦ ወዲያው የሚያገግመው አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ነው። ከጥቅምት በኋላ አዲስ አበባ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቢሾፍቱ እንኳን እናንተን በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ሌሊቱ ይሰማኛል።


አፈርና_ውኃ
ጳጉሜን 1 ቀን 2016

ከጋሼ ጋር እዚህ ላይ አልስማማም። ያ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው አፈር ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ ረግቷል። ሌላ ስድስት ወር እዚያው ውስጥ ከሚቆይ ከመስቀል በኋላ ፀሐዩ ሲወጣ ብትተክለው ብርዱ እስኪጠና አራትና አምስት ሳምንት አላት። ቅርንጫፉ ከተቆረጠም ሦስት ወር አልፎታል። በክረምቱ መሐል ብቻ አትትከይ፤ ፀሐይ የለም፣ አፈሩ አይደርቅም፣ ቁስል ይበሰብሳል።


በረንዳዬ
ጥቅምት 5 ቀን 2017

በጣም ጨንቆኛል። መስከረም 22 ተከልኩት። ፕላስቲኩን ስቀደው ሥሩ ከታች እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ነበር። በገጀራ የተቆረጠው ቦታ ዙሪያውን ነጭ ነጭ ቀጫጭን ሥር አብቅሎ ጢም መስሏል። ጥቅልሉን በእንጨት ፈታሁት፣ ወደ ታች የሚሄደውን ወፍራም ሥር ከጢሙ ሥር በመጋዝ ቆረጥኩ። በእሳት በጋለ ሚስማር ስምንት ቦታ በበሳሁት ዝርግ ሳፋ ውስጥ፣ ቀዳዳዎቹን በመስኮት ወንፊት ሸፍኜ፣ ዛፉን በሽቦ ከሳፋው ጋር አስሬ፣ አፈሩን በእንጨት እየወጋሁ በሥሩ መሐል አስገባሁት። ከታች የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ አጠጣሁ። ሁሉም ደህና ነበር። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ግን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ዛሬ ጠዋት 30 ቅጠል ለቀምኩ።


የባቦጋያው
ጥቅምት 5 ቀን 2017

አይዞሽ ልጄ። በጥፍርሽ የግንዱን ልጥ ከማይታይበት በኩል ትንሽ ፋቂውና ቀለሙን ንገሪኝ። የሚረግፈው የቅርንጫፉ ውስጠኛ አሮጌ ቅጠል ነው ወይስ የጫፉ ለጋ?


በረንዳዬ
ጥቅምት 5 ቀን 2017

ከውስጥ አረንጓዴና እርጥብ ነው። የሚረግፈው አሮጌው ነው፤ የጫፎቹ አሉ።


የባቦጋያው
ጥቅምት 5 ቀን 2017

እንግዲያው ዛፉ በቀረችው ሥር መመገብ የማይችለውን ቅጠል እያራገፈ ነው። ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አታድርጊ፤ ውኃ አትጨምሪበት። ቅጠሉ በቀነሰ ቁጥር የሚጠጣውም ይቀንሳል። ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገቢ፤ እርጥብ ከሆነ ተይው። ማዳበሪያ እስከ ጥር የለም። ሌሊት ከበረንዳው ግድግዳ ጋር አስጠጊው፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይሰጠዋል። ቤት ውስጥ ግን አታስገቢው። ሳሎን ውስጥ የኖረ ወይራ አላየሁም።


በረንዳዬ
መጋቢት 3 ቀን 2017

አንድ ዓመት ሊሞላን ነው! ኅዳርንና ታኅሣሥን ግማሽ ራቁቱን አሳለፈ። የካቲት መጀመሪያ ላይ አናቱን ከቆረጥኩበት ጉቶ ሥር አምስት ቡቃያ አወጣ፤ አሁን ሳፋውን ከላይ ስታዩት አፈሩ አይታይም። አዲሱ ቅጠል ከድሮው ያንሳል፤ ጀርባው ወርቃማ ነው። የግቢው ወይራም ጉልበቴን አልፏል።

አሁን የሸክላ ዕቃ ልሥራለት? የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ጥር ላይ ያሰርኩት ባለ 2.5 ሽቦም አለ፤ ትናንት ሳየው ልጡን ትንሽ የተጫነው መሰለኝ።


ቀጨኔ_ሰፈር
መጋቢት 3 ቀን 2017

ለሸክላው እኔን ጠይቂኝ፤ ቤተሰቤ ሸክላ ሠሪ ነው። ስታዝዢ ሦስት ነገር በያቸው። ቀዳዳው ጭቃው እርጥብ እያለ ይበሳ፤ ከተተኮሰ በኋላ ስትበሺው ይሰነጠቃል። ከትልቆቹ ቀዳዳዎች ሌላ ለማሰሪያ ሽቦ አራት ቀጫጭን ይኑሩት፤ ከታች ደግሞ ሦስት ወይ አራት እግር፣ ውኃው እንዲወጣ። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ስለሚሸሽ 30 ሳንቲ ሜትር ከፈለግሽ 33 አሠሪ። የእኛ ሸክላ ላብ ያወጣል፤ ከሳፋው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ለሥሩ ጥሩ ነው፣ ለውኃ ፈረቃሽ ግን አስቢበት።


የባቦጋያው
መጋቢት 3 ቀን 2017

ዕቃውን አሠሪው፤ ሸክላ ሠሪዋን ቁጭ ብለሽ እያየሽ። ዛፉን ግን በመጪው ዓመት መጋቢት ነው የምታስገቢው፤ ዘንድሮ ሳፋው ውስጥ ሥር ይሙላ። በመስከረም መትከሉ ሠርቶልሻል፤ እኔ ግን አሁንም መጋቢትን እመርጣለሁ፣ ያን ሁሉ ቅጠል ባልጣለም ነበር። ከአምስቱ ቡቃያ አናት የሚሆነውን አንዱን ምረጪና ሌሎቹን አሳጥሪ። ዝቅተኛውን ግን ሳትነኪው ይመዘዝ፤ ግንድሽን የሚያወፍረው እሱ ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትቆርጪዋለሽ።

ሽቦውን ዛሬ ማታ ሳትተኚ ፍቺው።


በረንዳዬ
መጋቢት 3 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ቆራርጬ ፈታሁት። በሁለት ቦታ ቀላል ምልክት አለው፤ ጥፍር የተጫነው ያህል። ቅርንጫፉ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ተመለሰ፤ ከዚያ ቆመ።


የባቦጋያው
መጋቢት 4 ቀን 2017

ያ ምልክት እስከ ክረምት ይጠፋል። አንድ ጣት መመለሱ ደህና ነው። ለሦስት ሳምንት ይረፍና ያልተጫነው ቦታ ላይ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እየጠመዘዝሽ እንደገና እሰሪው።